የሻሼ መንገድ

ሬሳው ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ የጃኬቱ ኮሌታ፣ ሁሉም ነጭ። ምንተስኖት ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በዚያ ጠዋት ግን ከሩቅ ላየው ሽበት የወረሰው ሽማግሌ ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተር ዓለምፀሐይ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ አልቆየችም። ልጁ ከኋላ በኩል ጭንቅላቱን ተመትቷል። አንድ ጊዜ፣ በኃይል። ከጎኑ ጫፉ በብረት የታሰረ የወይራ ዱላ ወድቋል። ብረቱ ላይ ደም ደርቋል።

«ዱላው የአቶ ዱባለ ነው» አለ ረዳቷ ደመላሽ። «የጓሳው ጠባቂ። ትናንት ከልጁ ጋር ተጣልተው ነበር። ይዤ መጋዘን አስገብቻቸዋለሁ።»

«ቸኩለሃል» አለችው። መቸኮል የእሷ ሥራ እንጂ የእሱ አልነበረም።

ልጁ የወደቀው የወሰን ድንጋይ በሚሉት ክምር ጥላ ሥር ነው። ከድንጋዩ ወዲህ መንገድ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ዝግ ሣር። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚሉት የጋራ ሣር ሲዘጋ ቀልድ የለም። ሽማግሌዎቹ «ተከፍቷል» እስኪሉ ድረስ፣ ዓመታትም ቢሆን፣ ሰው አይገባም፣ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነካውም። ጣሪያ የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ በክፉ ቀን በግ የሚተርፈው በዚያ ሣር ነው።

ዓለምፀሐይ ግን ዓለም ከተማ የምትባለው ከተማ ልጅ ናት። ብርድም ወግም አትወድም። ከተማሪዎቹ ማደሪያ ስትነሣ ድንጋዩ በዓይኗ ቅርብ ሆኖ ታያት፤ መንገዱ ደግሞ ጥምዝምዝ ብሎ ጠርዝ ጠርዙን ይዞራል። ቀጥ ብላ በሣሩ መሐል መጣች። ፀሐይ የነካችው ውርጭ ቀልጦ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ አርሶታል፤ ጫማዋ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል።

የተማሪዎቹ ውድድር ኃላፊ ዶክተር ታዲዮስ አብሯት ነበር የተነሣው፤ ግን ቆይቶ ደረሰ። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ፣ የትከሻ ቦርሳውን ከጎኑ የማይለይ። ከሬሳው ራቅ ብሎ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ እግሩን ለማሞቅ ንጹሕ ቡናማ ጫማውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ።

«እኔ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ» አለ። «ስንት ዓመት ተመላለስኩ፤ ይኼን ብርድ ግን ሰውነቴ አልተቀበለውም።»

ዓለምፀሐይ ጫማውን አይታ ቀናች።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው። የልጁ ቤተሰብ ማታውን ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት የተያዘ ሰው እፈልጋለሁ አላት። አንድ ሽማግሌ ተይዟል ስትለው፣ በቃ ወደ ደብረ ብርሃን ላኪው ብሎ ዘጋባት።

ማደሪያው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሞተው ልጅ ሥራ ከፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እየበራ ነበር።

ሃካቶን ይሉታል። ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው ኮምፒውተር ላይ ተጥደው የሚወዳደሩበት። የዚህኛው ጉዳይ የጓሳ አራዊትና ዕፅዋት ነው። ስለ ጭላዳው፣ ስለ ፍልፈሉ፣ ስለ ጅብራው፣ ስለ ቀይ ቀበሮው ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ በቁጥር ተከምሮ ተቀምጧል። ልጆቹ የመጡት ያንን ቁጥር ማንም ሰው አይቶ የሚገባው ሥዕል ሊያደርጉት ነው። ምንተስኖት የመረጠው ቀበሮዎቹን ነበር። አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ኮላር አለ፤ ኮላሩ ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ ወደ ማደሪያው አንቴና ይልካል። ልጁ እያንዳንዷን ቀበሮ ነጥብ አደረጋት። ነጥቧ ትሄዳለች፣ ከኋላዋ ቀጭን የብርሃን ክር ትተዋለች።

ከጠዋት ጀምሮ ማንም ሊያጠፋው አልደፈረም። ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ ነጥቦቹ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ተማሪዎቹ ከግድግዳው ርቀው፣ ጋቢ ለጋቢ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

ሳሌም የምትባለው የምንተስኖት የሥራ ጓደኛ ናት። ዓይኗ አብጧል። ዓለምፀሐይ ከልጁ ጋር ማን ጠብ እንደነበረው ጠየቀቻት። ሳሌም ስለ ሰው አላወራችም። ያወራችው ስለ ቀበሮ ነው።

አንገቷ ላይ ሻሽ የመሰለ ነጭ ስላላት ሻሼ ይሏታል። ባለፈው ክረምት ታማ፣ አረፋ ደፍቃ፣ እየተንገዳገደች ስትወድቅ አቶ ዱባለ አይተዋታል። በማግስቱ ሬሳዋ የለም። ሞታለች ብለው ቢናገሩ፣ ዶክተሩ ካርታውን አሳይቶ ሳቀባቸው፤ ነጥቧ ትሄዳለች። አንዳንድ ሰሞን ትጠፋለች፣ ደግሞ ትበራለች። ሽማግሌው ታዲያ የምትሄደው ሻሼ አይደለችም፣ ሌላ ነገር ነው ብለው አማትበው ተዉት።

«ምንተስኖት ይስቅ ነበር» አለች ሳሌም። «የሞተች ቀበሮ ካርታዬ ላይ ቤት ሠራች እያለ። ትናንት ሊመሽ ሲል ተነሣና፣ ዛሬ ሻሼን በዓይኔ አያታለሁ፣ ነገ ጠዋት ለሁላችሁም አሳያችኋለሁ አለ። ወደ ድንጋዩ ሄደ። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት በዚያ ስለምታልፍ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አየናት።» ሳሌም ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ጠርዝ ጠርዙን ዞራ ድንጋዩ ጋ ደረሰች። ቆመች። ተመለሰች። ጠፋች። እሱ ላይ ስትሄድበት እያየን ነበር። ዳቦ እየበላን።»

በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያልነበረው ማን እንደሆነ ዓለምፀሐይ ጠየቀች። አቶ ዱባለ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ፈንታ የሚባለው ቀበሮ ተከታታይ ጄኔሬተሩ ጋ ነበር፣ ብቻውን። ዶክተሩ ደግሞ እንደ ልማዱ ጠዋትና ማታ በእግሩ ይንሸራሸራል። የቀሩት ሁሉ እዚህ ነበሩ።

መጋዘኑ በር ላይ ዘነቡ ቆማለች። የማደሪያው ወጥ ሠሪ ናት፣ የዱባለም ልጅ። ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ነክሳለች።

«እትዬ» አለች ዝቅ ብላ፣ «አባቴ ደብረ ብርሃን ከወረዱ አለቀ። በኋላ ነፃ ቢወጡም አለቀ። ጠባቂው ሣሩ ላይ ደም አፈሰሰ ከተባለ ጥበቃው ከቤታችን ይወጣል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው መንገድ ይለውጥብናል።»

ዓለምፀሐይ ስለ ዱላው ጠየቀቻት። ዘነቡ ምላ ተናገረች። አባቷ ትናንት ልጁን ሊከሱ ወደ ዶክተሩ ሲመጡ፣ እንደ ደንቡ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ሲወጡ የለም። ፈልገው አጥተው፣ ተማሪ ደብቆባቸው ይሆናል ብለው እየተቆጡ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ይህንን ለደመላሽ ብትነግረው፣ ልጅ ለአባቷ ምን ልትል ኖሯል ብሎ አባረራት።

ሽማግሌው የገብስ ጆንያ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዓለምፀሐይ ስትገባ ቀና ብለው አላዩአትም፤ ያዩት ሱሪዋን ነው።

«ልጄ፣ ገዳይ ነህ በይኝ» አሉ። «ዱላውን ጥሎ የሚሄድ ጅል ነህ ግን አትበይኝ።»

«እስካሁን ሁለቱንም አላልኩም፣ አባቴ። ከልጁ ጋር በምን ተጣሉ?»

ባለሦስት እግር ካሜራውን ተሸክሞ ዝግ ሣር ገብቶ አገኙት። ውጣ ሲሉት ሳቀ፤ ቀበሮዋ የምትፈራውን እኔም ልየው ብዬ ነው አላቸው። ነገሩ አልገባቸውም፤ ንቀት መሰላቸው። ጮኹበት። ዱላ ማንሣት? አነሡ። መምታት? ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ሰው መትተው አያውቁም።

«ከእርስዎ ሌላ ዝግ ሣር ውስጥ ማን ይገባል?»

«እኔ ሥራዬ ነው፣ ጧት ማታ መሐል ለመሐል ነው የምሄደው። ፈንታ ቀበሮ እንዲከተል ፈቅደንለታል፣ እሱም ይገባል። እነዚህ የከተማ ልጆች ሳያውቁ ይገባሉ።»

«ሌላው የአገሩ ሰውስ?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «የዚህ አገር፣ የጌራ ሰው? በሕልሙም አይገባ። ልጅ ሆነን አንድ ጊዜ ከገባን አባቶቻችን የሚያሳዩን ነገር አለ፤ ከዚያ በኋላ እግራችን ራሱ ያውቀዋል።» ከዚያ አገጫቸውን ወደ ሱሪዋ ወረወሩ። «አንቺም ገብተሻል።»

«ቸኩዬ ነው።»

«ሁሉም ቸኩሎ ነው የሚገባው። ይኼ ነገር ይለቅና እንነጋገራለን።»

ፈንታን ያገኘችው ጄኔሬተሩ ሥር ነዳጅ ሲቀዳ ነው። ጥርሰ ነጭ፣ ተጫዋች ጎረምሳ፤ ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ሻሼን መቼ እንዳያት ስትጠይቀው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ካርታ ላይ ትናንት። በዓይኔ ከሆነ ከክረምት ወዲህ አላየኋትም። ነጥቧን ተከትዬ እሄዳለሁ፣ ስደርስ ባዶ ሜዳ ነው።» ትንሽ ሊስቅ ሞከረ። «ከዶክተሩ ጋር ሳትዋደድ አትቀርም። እሳቸው ሲመጡ ትመጣለች፣ ሲሄዱ ትጠፋለች። እኔ ቀን ከሌት ስከተላት የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድ ቀን ዞር ብላ አላየችኝም።»

«ትጠፋለች ማለት?»

ኮላሩ ላይ ማግኔት ሲለጠፍበት ይተኛል፣ ማግኔቱ ሲነሣ ይነቃል፤ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ቀበሮዋ ላይ ግን ማግኔት የሚለጥፍ የለም። ብርድ ባትሪውን አድክሞት ይሆናል ብለው ተስማምተዋል። ማን ነው እንደዚያ ያለው ብትለው፣ ዶክተሩ አላት።

ዶክተር ታዲዮስ ቢሮ ብሎ በያዛት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሕትና ባለው ድምፅ ሁሉን መለሰላት። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ ያሳዝናል። ሽማግሌው ቁጡ ናቸው፣ ግን ሰው ይገድላሉ ብሎ አልጠረጠረም። ትናንት ማታ ብቻውን በእግሩ እየሄደ ነበር፤ ማንንም አላየም። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከበበ ጽሑፍ ተሰቅሏል። የእሱ ጥናት ነው። ቀበሮዎቹን በእብድ ውሻ በሽታ ላይ የከተበው እሱ ነው፤ ጥናቱ በስንት አገር ተነቧል።

«ከከተብናቸው አንዲትም አልሞተችም» አለ። ይህንን ሲናገር ብቻ ድምፁ ሞቀ። «አንዲትም።»

«ሻሼስ?»

«ሻሼ የመጀመሪያዋ ናት። ነጥቧን አይተዋል አይደል? ሰው ይዋሻል፣ ኢንስፔክተር። ነጥብ አይዋሽም።»

ዓለምፀሐይ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን ጨምቃ ዘረጋች። እንፋሎቱ ሲወጣ እያየች ሳሌምን ጠራችና፣ የቀበሮዎቹን የዓመት መንገድ በሙሉ በአንድ ጊዜ አሳዪኝ አለቻት።

ግድግዳው በቀለም ክር ተሸፈነ። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም መሐል ላይ ተጠላልፈው የወፍ ጎጆ መስለዋል።

«ለምን መሐል ላይ ተከማቹ?»

«ዝግ ሣሩ ነው። ሰውና ከብት ስለማይረግጠው ፍልፈል የሚበዛው እዚያ ነው። ምግባቸው ነዋ።»

«የሻሼስ የቱ ነው?»

ሳሌም አንድ ነገር ነካች። ከሐምሌ በፊት ያለው የሻሼ ክር ከሌሎቹ ጋር ተጠላልፏል። ከሐምሌ በኋላ ያለው ቀይ ሆኖ በራ። ጎጆውን ከውጭ የከበበ ቀለበት። አንድም ቦታ ወደ ውስጥ አልታጠፈም።

«ምንተስኖት ቀለበቷ ይለው ነበር» አለች ሳሌም።

ዓለምፀሐይ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እርጥብ ካልሲዋን አየችው። ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ተነሣች።

ምሳ ላይ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ነገሩ ቀላል ሆኗል አለች። ልጁ ቀበሮዋ ሞታለች ይል ነበር። እውነት ከሆነ፣ ኮላሯን ይዞ የሚዞር ሰው አለ ማለት ነው፣ ምርመራው ገና መጀመሩ ነው። በሕይወት ካለች ግን ልጁ ተሳስቷል፣ የሰደባቸው ሽማግሌ ብቻ ናቸው የሚቀሩት፣ ከመምሸቱ በፊት ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። ጥርጣሬ እንዳይኖር ፈንታም ከሽማግሌው ጋር መጋዘን ይቆለፍበት። እነሱ ታስረው ቀበሮዋ ከሄደች፣ ነገሩ አለቀ።

ማእድ ቤቱ በር ላይ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ዘነቡ ነበረች። ዓለምፀሐይ አላየቻትም፤ ማየት አልፈለገችም።

ዶክተሩ ምሳውን በእርጋታ ጨረሰ። አእምሮዬን ላናፍስ ብሎ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ደመላሽ ሊከተል ሲል እጁን ያዘችው።

ጭጋጉ ወርዶ ሜዳውን ውጦታል። አዳራሹ ውስጥ ከጄኔሬተሩ በቀር የሚሰማ የለም። ሁሉም ግድግዳውን ያያል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ፣ ከማደሪያው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ቀዩ ነጥብ ቦግ አለ።

አንዷ ተማሪ «በስመአብ» አለች።

ነጥቡ ተንቀሳቀሰ። ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ እንደሚያሸት አውሬ። በቀለበቱ ላይ ሄደ። የወሰን ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ሳሌም ፊቷን ጋቢዋ ውስጥ ደበቀች። ነጥቡ ግን እዚያ አልቆመም፤ ድንጋዩን ሲያልፍ ፈጠን አለ፣ ሰው እንደሚሸሽ። ዞሮ ተመለሰና ማደሪያው አጠገብ ጠፋ።

«በቃ» አለች ዓለምፀሐይ። «አቶ ዱባለንና ፈንታን አምጣቸው።»

ዶክተሩ ሲገባ ሁሉም ተሰብስበው ነበር። ሽማግሌው ወንበር ላይ፣ ዘነቡ ከኋላቸው፣ ፈንታ ግድግዳ ተደግፎ፣ ተማሪዎቹ በግማሽ ክብ። ቀዩ ቀለበት ከሁሉም በላይ ይበራል።

«ሄደች?» አለ ዶክተሩ።

«ሄደች። ይቀመጡ።» እሷ ግን አልተቀመጠችም። «አሁን የምነግራችሁን ምንተስኖት ዛሬ ጠዋት ሊነግራችሁ ነበር። እኔ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ እሱ ያወቀው በጨዋታ ነው። እስቲ ይኼን ግድግዳ እዩ። ቀበሮዎቹ ሁሉ ዝግ ሣር ውስጥ ናቸው፤ ምግባቸው እዚያ ነው። ሻሼም ስትኖር ከእነሱ ጋር ነበረች። ታማ ከወደቀች ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልገባችም። ርቧት አልገባችም፣ ዘንቦባት አልገባችም። ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ትዞራለች። አቶ ዱባለ፣ ቀበሮ ጓሳው እንደተዘጋ ያውቃል?»

«ቀበሮ?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ግድግዳውን አዩት። እጃቸው ሊያማትብ ተነሥቶ መሐል ላይ ቆመ።

«አያውቅም። ክልክልን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከክረምት ወዲህ የሚዞረው ሰው ነው፤ ኮላሩን ይዞ። ልጁ ትናንት ዝግ ሣር የገባው ይኼን ሊያረጋግጥ ነው። ማታ ደግሞ ድንጋዩ ጋ ቆሞ ማን እንደሚመጣ ጠበቀ። የመጣው ገደለው።»

ፈንታ ተደግፎት ከነበረው ግድግዳ ቀና አለ።

«ማን ነው? ማታ ከዚህ አዳራሽ ውጭ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አቶ ዱባለ መሐል ለመሐል ይሄዳሉ፤ ሥራቸው ነው። ኮላሩ እሳቸው ጋ ቢሆን ክሩ ሣሩን ለሁለት ይሰነጥቀው ነበር። ፈንታም ፈቃድ አለው፤ ይገባል። ሁለቱም አሁን ተቆልፎባቸው ነበር፣ ነጥቡ ግን ሄዷል።»

«ታዲያ እኔም የከተማ ሰው ነኝ» አለ ዶክተሩ በእርጋታ። «የከተማ ሰው ሣሩን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ተማሪዎቹን ይጠይቁ።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ጠዋት ሁለታችንም ከዚህ በር ወጣን። እኔ አቋረጥኩ፤ እስከ ጉልበቴ ረጠብኩ፣ ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም። እርስዎ ቆይተው ደረሱ። ጫማዎ ደረቅ ነበር፣ ዶክተር። ዞረው ነው የመጡት። ልጅ ሞቶ እየተጠራን፣ እርስዎ ሣሩን ዞሩ። አሁንም ዞረው ነው የመጡት። የት ነው የተወለዱት?»

ዶክተሩ ጫማውን አየ። ሁሉም ጫማውን አዩ።

«እሳቸው ሲመጡ ትመጣለች፣ ሲሄዱ ትጠፋለች» አለ ፈንታ ለራሱ፣ ቀልዱ አፉ ውስጥ ሲመርረው።

«ቦርሳውን» አለች ዓለምፀሐይ።

ደመላሽ ቦርሳውን ከፈተ። ሹራብ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የቆዳ ማሠሪያ፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ሣጥን፣ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈ ማግኔት። ከቆዳው ጋር ጥቂት ቀይ ፀጉር ተጣብቋል። ፈንታ እጁን ዘረጋና ሳይነካው መለሰው።

ዶክተሩ ብዙ አልተከራከረም። ሲናገር ማንንም አያይም ነበር።

«ጌራ ነው የተወለድኩት፤ ከዚህ ወንዝ ማዶ። በልጅነቴ አጎቴ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን በግ ተከትዬ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። አባቴ...» አቆመ። «ሻሼን ከሞተች ማግስት ነው ያገኘኋት፤ ክትባቴ አላዳናትም። ቀበርኳት። ጥናቱ እንዳይወድቅ ትሂድልኝ ብዬ ነው። አንቴናውን አስቤያለሁ። ባትሪውን አስቤያለሁ። እግሬን አላሰብኩትም።»

«ልጁስ?»

«ዱላውን የወሰድኩት ለውሻ ነው።» ይህ እንደማይታመን እሱም ሳያውቅ አልቀረም። «ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሻሼ፣ እንደምን አመሸሽ አለኝ። ሳቀ። ከዚያ ዞሮ መሄድ ጀመረ።»

«ዱላውንስ ለምን እዚያ ተዉት?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ዶክተሩ ፊቱን የሸፈነው ለዚያ ጥያቄ ብቻ ነው።

መኪናው ዶክተሩንና ደመላሽን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ዓለምፀሐይ ድንጋዩ ጋ ሄዳ ሬሳው እስኪነሣ መቆም አለባት። አዳራሹን ስትወጣ ሳሌም ነጥቦቹን እያየች ነበር። ቀዩ ነጥብ ከእንግዲህ አይበራም፤ ቀለበቱ ግን ግድግዳው ላይ አለ። ሳሌም ሥሩ የምንተስኖትን ስም ጻፈች። ከዚያ ፕሮጀክተሩን ልታጠፋ እጇን ሰደደች፣ ተወችው።

በሩ ላይ አቶ ዱባለ ቆመዋል፤ ዱላቸው ማስረጃ ሆኖ ስለሄደ የዘነቡን ትከሻ ይዘዋል። ዘነቡ የዓለምፀሐይን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች፤ ሽማግሌው ግን ቀደሙ።

«ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል» አሉ። «ትመጫለሽ።»

«በምን ጉዳይ፣ አባቴ?»

«ሣር ረግጠሻል።»

ያንን ሣር ባትረግጥ ኖሮ እሳቸው አሁን ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነበሩ። ልትል ነበር። ፊታቸውን አይታ ተወችው። እሳቸውም ያውቁታል።

«እመጣለሁ» አለች።

ጭጋጉ ትንሽ ተገልጧል። ድንጋዩ በዓይን ቅርብ ነው። ቸኩላለች፣ በርዷታል፣ አለቃዋ ስልኳን ያስጮኸዋል። መንገዱን ይዛ ጠርዝ ጠርዙን ዞረች።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ከጎኗ ሲሄድ ተሰማትና ቆመች። ከጭጋጉ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ወጣ። አንገቱ ላይ ምንም የለም። አንድ ጊዜ አያት። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ዝግ ሣሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ገባ።